ቃሉን አትሸምድጂው፣ ምን እንደሚሠራ ጠይቂው

ጥያቄ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። እንደምን ሰነበቱ? ሕግ ትምህርት ክፍል ከገባሁ ገና ሁለት ወሬ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማላውቀውን የሕግ ቃል ሁሉ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው፤ አሁን ከሦስት መቶ አልፏል። ፈተና የገባሁትም ትርጉማቸውን አንድ በአንድ ቸክዬ ነው። ፈተናው ላይ ግን አንድ ታሪክ ሰጥተው ‹ከሳሽ ምን መብት አለው?› ሲሉን ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። የቱን ቃል የት እንደማስገባው ጠፋኝ። የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ የላቲን ቃል እየጠሩ ሲከራከሩ ስሰማ ይብስ እፈራለሁ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብኝ የትኞቹን ቃላት ነው? እንዴትስ ልያዛቸው? ወይስ ሕግ ለኔ ስላልሆነ ትምህርት ክፍል ልቀይር? — ደብተሯ ሞልቶ ጭንቅላቷ ባዶ የሆነባት»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አትቀይሪ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት መቶ ቃል በእጇ የጻፈች ተማሪ ትምህርቱ ለእሷ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? የጎደለሽ ጉብዝና አይደለም፤ ችግሩ ያለው ከአያያዝሽ ነው። ቃላቱን እንደ ሰው ስም ነው የያዝሻቸው። «ይህ ማለት ይህ ነው» ብለሽ ደርድረሽ አስቀመጥሻቸው። የሕግ ቃል ግን እንደ ግድግዳ ማብሪያ ነው፤ እዚህ ስትነኪው የሚበራው ወይም የሚጠፋው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ከማብሪያው ቅርጽ ይልቅ የትኛውን መብራት እንደሚያበራ ማወቅ ይበልጥብሻል። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ቃል ሲያጋጥምሽ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ከማለትሽ በፊት «ይህ ቃል ሲነገር የማን እጅ ይጠነክራል? የማን ይላላል? ምን ይቀየራል?» ብለሽ ጠይቂ።

እንዲህ በጥቅሉ ሲነገር ምንም አይጨበጥም፣ አውቃለሁ። አንድ ታሪክ ይዘን እንሂድ።

አንዲት ተማሪ ላፕቶፗ ከእጇ ወጣ እንበል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ላፕቶፔን ተሰረቅኩ» ትላለች። ማንም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። አንቺ ግን «ተሰረቅኩ» የሚል ቃል ስትሰሚ ቆም ብለሽ «እንዴት ነው ከእጇ የወጣው?» ብለሽ ጠይቂ። ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጣ ስትል አንዱ አንስቶ ከሄደ ስርቆት ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665። ደብድቦ ወይም አስፈራርቶ ከነጠቃት ውንብድና ይሆናል፣ አንቀጽ 670። «ለአንድ ሳምንት ተጠቀምበት» ብላ ራሷ አውሳው ሸጦ ከበላው ግን ስርቆት ሳይሆን እምነት ማጉደል ነው፣ አንቀጽ 675። «ላፕቶፕ እጠግናለሁ፣ ነገ አስተካክዬ አመጣልሻለሁ» ብሎ ዋሽቷት በገዛ እጇ ካስረከበችው ደግሞ አታላይነት፣ አንቀጽ 692። ላፕቶፑ አንድ ነው፣ የልጅቷም ኀዘን አንድ ነው። የድርጊቱ ስም ግን አራት ሆነ። ስሙ ሲለያይ ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበትም ነገር፣ ቅጣቱም አብሮ ይለያያል።

ነገሩ በወንጀል ብቻ አያበቃም። ሰውዬው ላፕቶፑን ለሌላ ሰው ሸጠው እንበል። ገዢው ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ዋጋውን ከፍሎ፣ በቅን ልቦና ገዝቶ፣ ዕቃውን ተረክቧል። ልጅቷ ከገዢው እጅ መልሳ መውሰድ ትችላለች? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1161 በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ገዝቶ የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። አንቀጽ 1165 ደግሞ ዕቃው የተሰረቀ ከሆነ ባለቤቱ ሊያስመልሰው እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ በመርህ ደረጃ፣ ከጠረጴዛ ላይ የተወሰደባት ከሆነ ገዢው ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች። በፈቃዷ አውሳው የከዳት ከሆነ ግን ገዢውን ትታ ያመነችውን ሰው ነው የምትከሰው። አየሽ? መጀመሪያ ላይ ዝም ብለን ያለፍነው «ተሰረቅኩ» የሚል ቃል መጨረሻ ላይ ላፕቶፑ የማን እንደሚሆን ወሰነ። እምነት የጎደለበት ሰውና የተሰረቀ ሰው እኩል አይታዩም፤ ምክንያቱም አንዱ ዕቃውን ማን እጅ ላይ እንደሚያስቀምጥ ራሱ መርጧል፣ ሌላው ግን አልመረጠም። ይህን ምክንያት ካወቅሽ አንቀጹን ብትረሺው እንኳ መልሱ አይጠፋሽም። አስተማሪሽም «ከሳሽ ምን መብት አለው?» ሲል የፈለገው ይህን መንገድ እንድትሄጂ ነው። የ«መብት»ን ትርጉም እንድትጽፊ አልነበረም።

አሁን ወደ ደብተርሽ። ብዙ ተማሪን የሚጥለው ከባድ የሚመስለው ቃል አይደለም። «አላባ» የሚለውን ቃል በሕይወትሽ ሰምተሽ ስለማታውቂ ትጠነቀቂያለሽ፣ ትፈልጊዋለሽ፣ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ሳለ በዕቃው የመገልገልና ፍሬውን የመውሰድ መብት መሆኑን ትይዣለሽ፣ አለቀ። የሚያታልሉሽ በየቀኑ የምትናገሪያቸው ቃላት ናቸው። ችሎታ። ሰው። ጥፋት። ግምት። ዋስ። እነዚህን «አውቃቸዋለሁ» ብለሽ ደብተርሽ ላይ እንዳልጻፍሻቸው እወራረዳለሁ። እንዲያውም መጀመሪያ መጻፍ ያለብሽ እነሱን ነው።

«ችሎታ»ን እንይ። በተለመደው አነጋገር ጎበዝ ሰው ችሎታ አለው እንላለን። በሕግ ግን ችሎታ ማለት የሕግ ውጤት ያለው ተግባር፣ ለምሳሌ ውል፣ በራስ ስም መፈጸም መቻል ነው። የ17 ዓመቱ ልጅ ኮምፒውተር ፈታቶ የሚገጥም ሊቅ ሊሆን ይችላል፤ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ግን በሕግ ዓይን ችሎታ የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚነሳው ደግሞ «ሰው ሁሉ ችሎታ አለው» ከሚል ነው፤ የለውም የሚለው ሕጉ በግልጽ ሲያወጣው ብቻ ነው። ስለዚህ «ችሎታ የለውም» ብሎ የሚከራከር ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። ቀጥሎ ጠይቂ፣ ይህ ቃል የማንን እጅ ያጠነክራል? አንቀጽ 1808ን ክፈቺ። ችሎታ በሌለው ሰው የተደረገ ውል ይፍረስልኝ ማለት የሚችለው ያ ችሎታ የሌለው ወገን ነው። ትልቁ ሰውዬ «እንዴ፣ ለካ ልጅ ነው! ውሉ ይፍረስልኝ» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው ያለው። የውሉ ጉዳይ ራሱ ሕገ ወጥ ከሆነ ግን የተዋዋሉት ሁሉ፣ ጥቅም ያለው ሦስተኛ ወገንም ጭምር ይፍረስ ማለት ይችላል። ለምን? የመጀመሪያው የሚጠብቀው አንድን ሰው ነው፣ ሁለተኛው ግን ሁላችንንም።

«ሰው»ስ? «ሰው ምን ትርጉም ያስፈልገዋል» እንዳትይ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 3367 አንቀጽ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አንቀጾች የሚናገሩት ስለዚሁ ነው። አንቀጽ 1 ሰው ከተወለደበት እስከሚሞትበት የመብት ባለቤት መሆኑን ይናገራል። አንቀጽ 2 ደግሞ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፣ ግን በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ ነው። «ለመኖር የሚችል» ማለትስ? አንቀጽ 4 ይመልሳል። እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ ለኔ በሕጉ ውስጥ እንደዚህ አንቀጽ ጥሩ አስተማሪ የለም። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት ከኖረ ለመኖር የሚችል ነበር ተብሎ ይቆጠራል። ማንም ሐኪም አምጥቶ «የለም፣ ቀድሞም አይተርፍም ነበር» ቢል አይሰማም። 48 ሰዓት ሳይሞላው ከሞተ ደግሞ ለመኖር የማይችል ነበር ተብሎ ይገመታል። ይህኛው ግን ይስተባበላል። ሕፃኑ የሞተው በተፈጥሮው ደካማ ስለነበረ ሳይሆን በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ በአደጋ፣ መሆኑን ያስረዳ ሰው ግምቱን ያፈርሰዋል።

በአንድ አጭር አንቀጽ ውስጥ ሁለት ዓይነት የሕግ ግምት አገኘሽ፤ የማይስተባበልና የሚስተባበል። በተራ ቋንቋ «ግምት» ማለት «ይመስለኛል» ማለት ነው። በሕግ ግን ግምት የማስረዳት ሸክምን ከአንዱ ትከሻ አንስቶ ሌላው ላይ የሚጭን ነገር ነው። የማይስተባበል ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ክርክሩን ይዘጋዋል። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ጨዋታ እንዳይመስልሽ። አባት እናቲቱ እርጉዝ ሳለች ሞተ እንበል። ሕፃኑ 49 ሰዓት ኖሮ ቢሞት የአባቱ ወራሽ ሆኖ ነው የሞተው፤ ንብረቱ በእሱ በኩል አልፎ ወደ እሱ ወራሾች ይሄዳል። 47 ሰዓት ላይ ቢሞትና ግምቱን ማንም ባያፈርሰው ግን እንዳልነበረ ነው። በሁለት ሰዓት ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ሀብት ሌላ መንገድ ያዘ። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ሳነብ ዛሬም ልቤን ይነካኛል፣ ምክንያቱም ያ ሰዓት የሚቆጠረው እናቲቱ እያለቀሰች ነው።

በነገራችን ላይ 48 ሰዓት በሌላ ቦታም ያጋጥምሻል። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 19፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ቁጥሩን ያለ ቦታው የቸከለ ተማሪ ፈተና ላይ ሁለቱን ያምታታቸዋል። ቁጥር ስትይዢ ምን እንደሚሠራ አብረሽ ያዢ።

ወደ ሰዎቹ ስም እንሂድ፣ ፈተናሽ ላይ «ከሳሽ» ስላለ። ከሳሽና ተከሳሽ በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም አሉ፤ የሚለያየው ማን ከሳሽ እንደሚሆን ነው። በፍትሐ ብሔር ልጅቷ ራሷ ከሳሽ ናት፣ የምትፈልገውም ላፕቶፑ እንዲመለስላት ወይም ካሳ እንዲከፈላት ነው። ታዲያ በክርክሩ ነገር ላይ ጥቅም ሊኖራት ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ጥቅም የሌለውን ሰው ከሳሽ አያደርገውም። ጓደኛዋ ስላዘነችላት ብቻ በራሷ ስም መክሰስ አትችልም። በወንጀል ደግሞ በአብዛኛው ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። «ዐቀበ» በግዕዝ ጠበቀ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ ሕጉን የሚጠብቅ፣ ጠበቃ ሰውን የሚጠብቅ። ሁለቱም ጠባቂዎች ናቸው፣ የሚጠብቁት ግን የተለያየ ነው። ብዙ ተበዳዮች ዐቃቤ ሕጉን እንደ ግል ጠበቃቸው ያዩትና «ለምን እኔ የምለውን አይልም?» ብለው ይበሳጫሉ። አይፈረድባቸውም፣ ማንም አላስረዳቸውም።

የማስረዳት ሸክሙም ይለያያል። በፍትሐ ብሔር ዳኛው የሁለቱን ማስረጃ መዝኖ ሚዛኑ ወደሚደፋበት ይፈርዳል። በወንጀል ግን ሚዛኑ በትንሹ ስለደፋ ሰው አይታሰርም፤ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ከዚህ የተነሳ አንድ ሰው በወንጀል ነጻ ወጥቶ በፍትሐ ብሔር ካሳ ክፈል ሊባል ይችላል። ሰው ይህን ሲሰማ «ፍርድ ቤቱ ራሱን ተቃረነ» ይላል። አልተቃረነም። ሁለት የተለያየ ጥያቄ ተጠይቆ ነው ሁለት መልስ የሰጠው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር አንድ የወንጀል ችሎት ለመከታተል ገባን። አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው ተከሳሽ ነው። ዳኛው ረጅም ጽሑፍ አነበቡ፣ መጨረሻ ላይ «ተከሳሹ እንዲከላከል ብይን ተሰጥቷል» አሉ። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ፈረዱበት፣ ልጄን ፈረዱበት» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ደግሞ ለጨዋነት አልነበረም፤ ተፈርዶበት ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም ነበር። «ብይን»ንም «ፍርድ»ንም ግን ደብተሬ ላይ ጽፌያቸው ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ጎንበስ ብለው «እናቴ፣ አልተፈረደበትም። እስካሁን የከሳሽ ምስክሮች ሲናገሩ ነበር፣ አሁን የእሱ ተራ ነው የደረሰው» አሏቸው። እናትየው እንባቸውን ጠረጉና «መናገር ይችላል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። «አዎ፣ ምስክርም ያመጣል» አሏቸው። ያን ቀን ነው አንድ ቃል የሰውን እንባ ሊያቆም እንደሚችል የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አቅርቦ ሲጨርስ ፍርድ ቤቱ ይመዝናል። ማስረጃው ካልበቃ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው እዚያው ነጻ ይለቀቃል። ከበቃ ደግሞ «ተከላከል» ይባላል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ 141 እና 142ን ጎን ለጎን አንብቢያቸው። ስለዚህ «ብይን» በአብዛኛው በክርክሩ መሀል አንድን ጥያቄ የሚቆርጥ ነው። «ፍርድ» የዋናው ክርክር መልስ ነው። «ትእዛዝ» ደግሞ አንድ ነገር እንዲደረግ ወይም እንዳይደረግ የሚሰጥ ነው፤ ምስክር ይጠራ፣ መዝገብ ይቅረብ፣ ንብረቱ ታግዶ ይቆይ። «ውሳኔ» የሚለውን ሰው ለሁሉም ይጠቀምበታል፣ ዳኞችም ጭምር፤ ስለዚህ «ውሳኔ» ስታነቢ የትኛው እንደሆነ ከይዘቱ ፈልጊ። እግረ መንገድሽንም ይህን ያዢ። ተጠርጣሪ ገና ክስ ያልተመሠረተበት ነው፣ ተከሳሽ ክስ የቀረበበት ነው፣ ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካለው በኋላ ብቻ ነው። በሰፈር ወሬ ሦስቱም አንድ ናቸው። አንቺ አፍ ላይ ግን አንድ መሆን የለባቸውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ሲል ይህም የሕግ ግምት ነው፣ ሸክሙን ከሳሽ ላይ ይጭናል።

«ጥፋት»ም ሁለት ቤት አለው። «ጥፋተኛ» የወንጀል ቃል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 ላይ የምታገኚው «ጥፋት» ግን በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰን ሰው ካሳ የሚያስከፍል ነው። ተግባሩ ወንጀል መሆን የለበትም። «ዋስ»ም እንዲሁ። አንዱ የታሰረን ሰው የሚያስፈታ ነው፣ ሌላው ተበዳሪው ካልከፈለ ዕዳውን የሚከፍል ነው።

«ይርጋ»ን ደብተርሽ ላይ «ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ማለፍ» ብለሽ ጽፈሽው ይሆናል። አልተሳሳትሽም። ግን ጠይቂው፣ ምን ይሠራል? ለውል በመደበኛው 10 ዓመት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት 2 ዓመት፣ አንቀጽ 2143። አንድ ሰው በውል ያበደረሽን ገንዘብ 11 ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ቆይቶ ከሰሰሽ እንበል። ይርጋ ዕዳው ተከፍሏል አይልም። አልተበደርሽምም አይልም። የሚለው «ጊዜው ስላለፈ አትጠይቀኝ» ነው። ይህንንም ማንሳት ያለብሽ አንቺ ነሽ፣ ያውም በመጀመሪያው አጋጣሚ። አንቀጽ 1856 ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነሳሽነት ይርጋን እንዳያነሳ ይከለክላል። ዳኛው 11 ዓመት ማለፉን ወረቀቱ ላይ እያየ፣ አንቺ ካላነሳሽ ሊፈርድብሽ ይችላል። ብዙ ሰው ጠበቃ ሳይዝ ቀርቦ የተሸነፈው ይህችን አንዲት ቃል ባለማወቁ ነው። ለዚህ ነው እንደ ቀልድ የማላያት።

አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ የሚሉትን በአጭሩ። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። ታችኛው ላይኛውን መቃረን አይችልም። አንድ ቢሮ «መመሪያው አይፈቅድም» ካለሽ የሕግ ተማሪ ጥያቄ «አዋጁስ ምን ይላል?» ነው።

ስለ ላቲኑ። አትፍሪው፣ አትናቂውም። ጓደኞችሽ «ሬስ ጁዲካታ» ሲሉ «ቀድሞ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ» ማለታቸው ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 5 ላይ አለ፣ አንድ ጊዜ የተፈረደበትን ነገር እነዚያው ሰዎች እንደ አዲስ እንዳይከሱበት ይከለክላል። «ሃቢየስ ኮርፐስ» ሲሉም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲለቀቅ የሚጠየቅበት አቤቱታ ነው፣ አንቀጽ 177። የላቲኑን ስም ማወቅሽ መጽሐፍ ለማንበብ ይረዳሻል። ዳኛ ፊት የሚሠራው ግን የአማርኛው ነው። እንዲያውም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይናገራል፣ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡ የፌዴራል ሕጎችም የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂ ሲለያዩ የአማርኛው ይበልጣል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ብትማሪም አማርኛውን ጎን ለጎን ክፈቺ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አማርኛ አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝምብሻል፣ ይጠማዘዝብሻል። አትደናገጪ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ነበር፣ ከዚያ ነው ወደ አማርኛ ተመልሶ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፣ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ይረዳል።

«ሰበር» የምትለዋን ቃል ደግሞ ውደጃት። ከ«ሰበረ» ነው የመጣችው። ፈረንሳዮችም የበታች ፍርድ ቤትን የሕግ ስህተት ለሚያርመው ለዚህ ችሎት የሰጡት ስም መስበር ከሚል ግሥ የወጣ ነው። የበታች ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ከፈጸመ የመጨረሻ የሆነው ፍርድ እንኳ ይሰበራል። ይግባኝ ሌላ ነው፣ እዚያ ፍሬ ነገሩም ሕጉም እንደገና ይታያል። ሰበር ላይ «ምስክሬ እውነቱን ነው የተናገረው» ብለሽ ብትጮሂ የሚሰማሽ የለም፣ ጥያቄው «ሕጉ በትክክል ተተርጉሟል ወይ?» ነው። ደግሞም ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 1234/2013 ነው፣ መርሁ ግን ቀጥሏል። እነዚያ ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመዋል። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ አንብቢ፣ ከአንድ አይብለጥ። ማን አመልካች (አቤቱታ ያቀረበው)፣ ማን ተጠሪ (መልስ የሚሰጠው) እንደሆነ ለዪ፤ ጭብጡን በራስሽ ቃል በአንድ መስመር ጻፊ። ፍሬ ነገር የሆነው ነገር ነው፣ ጭብጥ የሚያከራክረው ጥያቄ ነው። ይህን ልዩነት በአሥር ውሳኔ ላይ ከተለማመድሽው በምንም ፈተና አይጠፋብሽም።

ደብተርሽን አትጣይው፣ ልፋትሽ ነው። ግን ከሦስት መቶው ውስጥ ሠላሳውን ብቻ ምረጪ፣ ከላይ ያነሳኋቸውን ጨምረሽ። ለእያንዳንዱ ሙሉ ገጽ ስጪው። ትርጉሙን በአንድ መስመር፣ ከታች አንቀጹን፣ ከዚያ የራስሽን ትንሽ ታሪክ፤ የምታውቂው ሰው ላይ ቢደርስ ምን ይሆን ነበር ብለሽ። ቃላቱን ደግሞ ብቻቸውን አትያዢያቸው፣ ከሚቃወማቸው ወይም ከሚምታታባቸው ጋር አጣምሪያቸው። ይዞታን ከባለቤትነት፣ ብይንን ከፍርድ፣ ስርቆትን ከእምነት ማጉደል። ልዩነታቸውን መናገር ካቃተሽ አንዱንም አላወቅሽውም ማለት ነው። አንድ ጠዋት ትምህርት ከሌለሽ ደግሞ ፍርድ ቤት ሂጂ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ማንም «ምን ፈለግሽ?» አይልሽም። ስልክሽን አጥፊና ኋላ ተቀመጪ። አንድ ቃል ሰምተሽ ካልገባሽ ጻፊው፣ ስትወጪ ፈልጊው። እንዲያ የያዝሽው ቃል የሰው ፊት አለው፣ አይረሳም።

አሁን ያችን የፈተና ወረቀት አውጪያት። ክፍት መጽሐፍ ይዘሽ እንደገና ሥሪያት። ከሳሽና ተከሳሽን ምን አገናኛቸው? ውል ነው፣ ወይስ ያለ ውል የደረሰ ጉዳት? ከሳሽ የሚጠይቀው ምንድን ነው፣ ዕቃው እንዲመለስለት ወይስ ካሳ? ማስረዳት ያለበት ማን ነው? ተከሳሽ ሊያነሳው የሚችለው መቃወሚያ አለ፣ ለምሳሌ ይርጋ? ቸኩለሽ አትጨርሺያት፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስጫት። ከዚያ ታሪኩንና መልስሽን ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ፤ የት ጋ እንደተምታታብሽም እጽፍልሻለሁ።